ያልታጠበው ብርጭቆ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ያለችው የባፈና ሻይ ቤት አምስት ጠረጴዛ፣ አንድ የተበላሸ ቴሌቪዥንና አንድ ጋሽ ገብረየሱስ አሏት። ቴሌቪዥኑ ከሦስት ዓመት በፊት ዝም ካለ ወዲህ ዓለም እንዴት እንደዋለች የሚናገሩት ጋሽ ገብረየሱስ ናቸው። ከመሥሪያ ቤት ጡረታ ወጥተዋል፤ ከማስረዳት ግን አልወጡም። ስለ ነዳጅ፣ ስለ ጨረቃ፣ ስለ ስኳር በሽታ ማንም ሳይጠይቃቸው ያብራራሉ። ስለ ህንድ ሲሆንማ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ነው የሚጀምሩት። ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ ፊዚክስ ያስተማሯቸው ህንዳዊ ስለነበሩ በዚህ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተከራየው ህንዳዊ ኪሾር ይባላል። ሜክሲኮ አካባቢ ካሉት የግል ኮሌጆች በአንዱ ሂሳብ ያስተምራል። ሃምሳ ሊሞላው ትንሽ የቀረው፣ ሰላምታ ሲሰጥ ጎንበስ የሚል ጨዋ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ብቻውን ከኖረ በኋላ በመስከረም እናቱን ከህንድ ገጠር አመጣቸው። ስማቸው ፉልዋቲ ነው፤ ሰፈሩ ግን እስኪለማመደው ድረስ መታገሥ አቅቶት እማማ ፉላ አላቸው። ቀጭን ናቸው፤ የአዲስ አበባ ብርድ አልስማማ ስላላቸው በሳሪያቸው ላይ የልጃቸውን ሹራብ ይደርባሉ። አማርኛ አንድ ቃል አያውቁም፤ ግን ይስቃሉ፤ ሲስቁ ደግሞ ሰው ምን እንዳሳቃቸው ሳያውቅ አብሯቸው ይስቃል።

በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ ከፎቅ ወርደው ይመጣሉ። የባፈና ሚስት ደሚቱ ሻዩን በወተት አፍልታ፣ ዝንጅብል ጨምራ፣ በብርጭቆ ታቀርብላቸዋለች። እንዲህ የሚፈላ ሻይ ከዚህ በፊት ሠርታ አታውቅም፤ ለእሳቸው ስትል ከኪሾር ተማረች። እማማ ፉላ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠጡና ይነሳሉ። ከዚያ ነው ጉዱ የሚመጣው። ብርጭቆውን ይዘው ደጅ ወዳለው ቧንቧ ይሄዳሉ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ያጥቡታል፤ ወደ ቤት ግን አይመልሱትም። በሩ አጠገብ ካለው ደረጃ ላይ ደፍተውት፣ በሁለት እጃቸው እጅ ነስተው ይሄዳሉ። በማግስቱ ሲመጡ ያንኑ ብርጭቆ ራሳቸው አንስተው ይዘውት ይገባሉ።

ደሚቱ በመጀመሪያው ሳምንት ዝም አለች። በሁለተኛው ሳምንት ጋሽ ገብረየሱስን ጠየቀቻቸው። የሚጠየቁበትን ቀን ሲጠብቁ የኖሩት ሰውዬ ወንበራቸውን ገፋ አደረጉ።

ህንድ አገር ሰው በዘር በዘር ተደርድሮ ነው የሚኖረው፣ አሉ። ላይኛው ብራህሚን ይባላል፤ ካህን ነው፤ ሌላው ሰው የነካውን አይነካም። እኚህ ሴት ብራህሚን ናቸው። ደሚቱ ከምታጥበው ዕቃ ጋር የእሳቸው ብርጭቆ እንዳይነካካ ነው ለብቻ የሚያስቀምጡት። ሃይማኖታቸው ስለሆነ መቀየም አያስፈልግም አሉና ያልተጠየቁትን የፊዚክስ ሕግ ሁለት ሦስቱን ጨምረው ጨረሱ።

ደሚቱ ግን ተቀየመች። ሆለታ ያደገች፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሻይ ስትቀዳ በንጽሕናዋ የማትታማ ሴት ናት። ወተቱን ማፍላት አልተወችም፤ ብርጭቆውን ግን ከበፊቱ ጠንከር አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠው ጀመር። ጋሽ ገብረየሱስ ኪሾርንም አልማሩትም፤ ያገኙት ዕለት በእንግሊዝኛ ብራህሚን ናችሁ አይደል ብለው ጠየቁት። ኪሾር ቀላ፣ ፈገግ አለና ሻዩን አማሰለ። ነገሩ በዚሁ ተረጋገጠ።

ከሰፈሩ ሰው እውነቱን የሚያውቅ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ባፈና ነው። አፉን ዘግቶ ቆመ።

ባፈና የተወለደው ከዱራሜ ወዲያ ነው። እናቱ ሸክላ ሠሪ፣ አባቱ ቆዳ ፋቂ ነበሩ። በዚያ አገር፣ በዚያ ዘመን፣ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ሰው ከሌላው ጋር አይበላም፣ አይጋባም፣ ቤት አይገባም። እናቱ ማሰሮዋን ተሸክማ ገበያ ስትሄድ እሱ ከኋላዋ ይከተላል። ውኃ ሲጠማቸው አጥር ጥግ ቆመው ይጠይቃሉ፤ በእንሰት ቅጠል ይቀዳላቸዋል። አንዲት ደግ ሴት ግን ነበረች። ኩባያ ትሰጣቸው ነበር። እናቱ ከጠጣች በኋላ ኩባያውን ሦስት ጊዜ አጥባ ከአጥሩ ሥር ትደፋዋለች። ደጊቱ ሴትም ብትሆን ያንን ኩባያ ወደ ቤቷ አስገብታ አታውቅም።

ስለዚህ እማማ ፉላ በመጀመሪያው ቀን ብርጭቆውን ደረጃው ላይ ሲደፉ ባፈና የያዘውን ትሪ አስቀምጦ ወደ በሩ ሄደ። ያ አጥር፣ ያ ኩባያ፣ የእናቱ እርጥብ እጅ፣ ሁሉም ተመለሰበት። ሴትዮዋ የነሱን ብርጭቆ እየተጸየፉ አልነበረም። እነሱ የእሳቸውን እንዳይጸየፉ ቀድመው እየሸሹላቸው ነበር።

ታዲያ ለምን አልተናገረም? ቢናገር በምን አወቅህ ይባላላ። አዲስ አበባ ከገባ አርባ ዓመቱ ነው፤ ከየት ነህ ሲባል ከዱራሜ ማለት ይበቃዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም። ለደሚቱ ከመጋባታቸው በፊት ነግሯታል። እሷም ማን ጠየቀህ ብላ ስቃበታለች፤ ለዘመዶቿ እንዳይነግር ብቻ አስጠንቅቃዋለች። ግን የነገራት የዘሩን ነገር እንጂ የኩባያውን አልነበረም፤ እሱን ለራሱም ደግሞ አስታውሶት አያውቅም። አንድ ልጃቸው መቅዲ ደግሞ አያቶቿ ገበሬዎች እንደነበሩ ነው የምታውቀው።

መቅዲ ልትታጭ ነው። እሁድ ሽማግሌ ይመጣል። ልጁ ሮቤራ ባንክ ቤት ይሠራል፤ ልጅቷን በስስት ነው የሚያያት፤ በእሱ በኩል ምንም እንከን የለም። ስጋቱ አባትየው አቶ ዱጉማ ናቸው። አያት ቅድመ አያታቸውን እስከ ዘጠነኛው ሳይሳሳቱ የሚጠሩ፣ የሌላውንም የሚያስጠሩ ሰው ናቸው። ራሳቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር ካልሄድኩ ብለዋል። የሽማግሌዎቹ መሪ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ ገብረየሱስ።

ባፈና ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣ። ገበሬ ነበሩ እላለሁ፣ በቃ፣ ለአንድ ቀን ነው እያለ ራሱን ያጽናናል። መለስ ይልና ደግሞ እናቱን የካደ ይመስለዋል። ደሚቱ ሻይ ቤቱን ስታሰማምር፣ ወንበር ስትዋስ፣ ድፎ ስታስጋግር ዓይኗን እየሸሸ ሰነበተ።

እሁድ ከሰዓት ሻይ ቤቱ ተዘግቶ ለሽማግሌ ተዘጋጀ፤ ፎቅ ላይ ያለው ቤታቸው ጠባብ ነውና። ጋሽ ገብረየሱስ በየቀኑ የሚቀመጡበት ወንበር አጠገብ ሲደርሱ፣ ልጃችሁን ለልጃችን ካልሰጣችሁን አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ጋሽ ገብረየሱስ ለመቀመጥ እምቢ ያሉበትን ቀን ልደታ ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም። በቀኛቸው አቶ ዱጉማ፣ በግራቸው አንድ ዝምተኛ ቄስ ቆመዋል። ንግግሩ ረዘመ፤ መሀሉ ላይ የጨረቃ ነገርም ገባበት። በመጨረሻ ደሚቱ ለምና አስቀመጠቻቸው፤ ሻይ ቀረበ፤ ድፎው ተቆረሰ።

አቶ ዱጉማ አንድ ጊዜ ጎረሱና ወደ ባፈና ዞሩ። ከመዛመድ በፊት መተዋወቅ ደንብ ነው አሉ። አባትዎ ማን ይባላሉ፣ ምን ነበሩ?

ባፈና አፉን ከፈተ። ገበሬ የምትለዋ ቃል ምላሱ ላይ ነበረች። በዚያች ሰዓት በሩ ገርበብ አለና እማማ ፉላ ብርጭቆአቸውን ይዘው ብቅ አሉ። አስር ሰዓት ነዋ። ሻይ ቤቱ እንደተዘጋ ማን ይንገራቸው?

ሰዎቹን ሲያዩ ደንግጠው ሊመለሱ ሲሉ መቅዲ ከጓዳ ወጥታ እጃቸውን ያዘች። በጣም ነው የምትወዳቸው። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው፤ ሻያቸውን ቀዳችላቸው። እማማ ፉላም ሰው ሁሉ እያያቸው በሦስት ጉንጭ ጨረሱት፤ ተነሱ፤ ወጡ። የቧንቧው ውኃ ድምፅ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ተሰማ። ብርጭቆው ደረጃው ላይ ተደፋ።

አቶ ዱጉማ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ጋሽ ገብረየሱስ ወንበራቸውን ገፋ አደረጉ። ከብራህሚን እስከ ፊዚክስ አስተማሪያቸው ድረስ፣ ከላይ እስከ ታች አስረዱ። ሃይማኖታቸው ስለሆነ መቀየም አያስፈልግም ብለው እንደ ልማዳቸው ደመደሙ። አቶ ዱጉማ ግን የያዙትን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። በእንግድነት በመጣሁበት ቤት፣ ርኩስ ነህ ተብዬ ብርጭቆ ይታጠብብኛል እንዴ አሉ። ደሚቱ ፊቷ ቀላ። ሦስት ሳምንት የያዘችው ቅያሜ ወጣና፣ እኔም በቅቶኛል፣ ዛሬ በቃ እላቸዋለሁ ብላ ወደ በሩ ተራመደች። እማማ ፉላ ከደጅ ሆነው፣ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው፣ እጅ እየነሱ ይስቁ ነበር።

ባፈና ይህን ሳቅ ያውቀዋል። እናቱ ሲሰድቧት እንዲህ ትስቅ ነበር።

እንዴት እንደተነሳ አላስታወሰም። ደሚቱን አልፏት ደጅ ወጣ፤ ከደረጃው ላይ ብርጭቆውን አነሳ፤ እማማ ፉላን በሌላ እጁ ይዞ አብሯቸው ገባ። ከማንቆርቆሪያው ሻይ ቀዳበት። እማማ ፉላ በቋንቋቸው የሆነ ነገር እያሉ እጁን ሊይዙት ሞከሩ፤ አጥብቀው ያዙት ጭምር። እሱ ግን ጠጣ። ግማሽ ያህሉን ጠጣና ብርጭቆውን በሽማግሌዎቹ መሀል አስቀመጠው።

«ጋሽ ገብረየሱስ፣ ተሳስተዋል» አለ። «እኚህ እናት የኛን ብርጭቆ አልተጸየፉም። አፋቸው የነካውን እኛ እንዳንነካው ብለው ነው የሚያጥቡት።»

«በምን አወቅህ?» አሉ ጋሽ ገብረየሱስ።

«እናቴ እንደዚህ ታደርግ ነበር። ሦስት ጊዜ አጥባ አጥር ሥር ትደፋው ነበር።» ወደ እንግዳው ዞረ። «አቶ ዱጉማ፣ ጠይቀውኝ ነበር። አባቴ ቆዳ ፋቂ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ገበሬ ነበሩ ልልዎት ነበር፤ አልልም። ልጄም ዛሬ ነው የምትሰማው።»

መቅዲ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች አባቷን ታየዋለች። ደሚቱ በሩ ላይ ቆማ ቀርታለች፤ ብርጭቆውን ጠንከር አድርጋ ያስቀመጠችባቸው ቀናት ሁሉ ትዝ እያሏት አንገቷን ደፋች።

በዚህ መሀል ኪሾር እናቱን ፍለጋ ወረደ። የሆነውን ሁሉ መቅዲ በእንግሊዝኛ ነገረችው። ኪሾር ብርጭቆውን አየ፣ ባፈናን አየ፣ ከዚያም ተማሪ ፊት እንደቆመ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ባፈና እንዳለው ነው፣ አለ። ቤተሰቡ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ጫማ ሰፊ ነው። ሕጉ እንዲህ ያለውን ነገር ከከለከለ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ መንደራቸው ያለው ሻይ ቤት ግን ዛሬም የእናቱን ብርጭቆ ደጅ ነው የሚያስቀምጠው። እዚህ እንደዚያ የሚል የለም እያለ ሌት ተቀን ነግሯቸዋል፤ አልሰማ አሉት።

«ታዲያ ብራህሚን ናችሁ ወይ ስልህ ለምን ዝም አልክ?» አሉ ጋሽ ገብረየሱስ፣ ተበድለው።

መቅዲ ተረጎመችለት። ኪሾር በተሰባበረው አማርኛ ራሱ መለሰ። «አርባ ስምንት ዓመት ማንም ከፍ ያለ ብሎኝ አያውቅም። ጋሼ በአንድ ሻይ ብራህሚን አደረጉኝ። ትንሽ ቀን ልቆይበት ብዬ ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። ከእሳቸው አፍ ይወጣል ተብሎ የማይጠበቅ ትልቅ ሳቅ ነበር። ኪሾር እንደ መፍራት አለና የጋሽ ገብረየሱስ ህንዳዊ አስተማሪ ማን ይባሉ እንደነበር ጠየቀ። ሚስተር ቶማስ፣ አሉ ጋሽ ገብረየሱስ ኮራ ብለው። ኪሾር ጎንበስ ብሎ፣ በጣም በአክብሮት፣ ቶማስማ ክርስቲያን ነው አለ። ጋሽ ገብረየሱስ ወንበራቸውን ወደ ፊት መለሱ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሂንዱን ሃይማኖት ሲያስረዱ የኖሩት በአንድ ክርስቲያን ምስክርነት ነበር። ከዚያ በኋላ ሳቁን ማን ያቁመው? እሳቸውም ጭምር እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ያልሳቁት አቶ ዱጉማ ብቻ ናቸው። ጠረጴዛው መሀል ያለችውን ብርጭቆ ያዩ ነበር። ሳቁ እየከሰመ ሲመጣ ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። የመቅዲ ነገር እዚያች ብርጭቆ ላይ ቆሟል።

«ለእናቴ እንስራ የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች» አሉ አቶ ዱጉማ። «ከበር አልፋ ገብታ አታውቅም። እሷ በሠራችው እንስራ ዓመቱን ሙሉ ውኃ እንጠጣለን። እሷ ውኃ ስትጠይቅ ግን የምንሰጥበት ኩባያ ጠፋ እንላለን። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ይህን ነገር አስቤው አላውቅም።» እጃቸውን ዘርግተው ብርጭቆውን አነሱ፤ ባፈና ያስቀረውን ሻይ ጠጡት። «ቀዝቅዟል» አሉ። «ጨምሩልኝ። ስለ ልጆቹም ቆመን የለመንነውን አሁን ተቀምጠን እንለምናለን።»

ደንቡ የልጅቷ ቤተሰብ ተመካክረን መልስ እንሰጣለን እንዲል ነው። ባፈና ያንኑ ሊል ጉሮሮውን ሲጠርግ ደሚቱ ቀደመችው። ሰጥተናል አለች። ብላም እማማ ፉላን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች፤ እማማ ፉላ ደግሞ ማን እንደሞተ ሳያውቁ ጀርባዋን ይደባብሷት ጀመር።

መቅዲ አባቷ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። አያቷ ማን ትባል እንደነበር በጆሮው ጠየቀችው። ስሟን ነገራት። ሠርግ ላይ እንዲጠራ እፈልጋለሁ አለችው፤ ባፈና ጭንቅላቷን ሳማት።

ያን ቀን ብዙ ተወራ። ኪሾር እንደነገራቸው እማማ ፉላ በመንደራቸው ቤተ መቅደስ ገብተው አያውቁም፤ ከደጅ ቆመው ነው የሚጸልዩት። ልደታ የመጡ ሰሞን ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሲያልፉ አጥሩን ተደግፎ፣ በሩን ስሞ፣ ከውጭ የሚጸልየውን ሕዝብ አይተው ልጃቸውን ይዘው አቆሙት። ወገኖቻችን እዚህም እንዲህ ብዙ ናቸው እንዴ አሉት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሰፈሩን ወደዱት። ቄሱ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው ግን፣ እዚያ አጥር ሥር ሁላችንም አንድ ነን፣ በደንብ ነው ያዩት አሉ።

በማግስቱ ሰኞ ሻይ ቤቱ እንደወትሮው ተከፈተ። ጋሽ ገብረየሱስ ስለ ህንድ አንድም ቃል ሳይናገሩ ዋሉ፤ ለእሳቸው ይህ ጾም ነው። አስር ሰዓት ሲሆን እማማ ፉላ ባዶ እጃቸውን መጡ። ደሚቱ ሻዩን በሌላ ብርጭቆ አቀረበችላቸው፤ አብራቸውም ተቀምጣ ጠጣች። ባፈና ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ ያላየ መሰለ። ሁሉም ያላየ መሰለ።

ጠጥተው ሲጨርሱ ተነሱ። እጃቸው እንደ ልማዱ ብርጭቆውን አነሳ፤ እግራቸው ወደ ቧንቧው ሁለት እርምጃ ሄደ። ቆሙ። ደሚቱን አዩዋት፤ ደሚቱ ከወንበሯ አልተነሳችም፤ ፈገግ ብላ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገችላቸው። እማማ ፉላ ተመልሰው ብርጭቆውን፣ ግርጌው ላይ የወተት ቀለበት እንደያዘ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። በሩ ጋ ደርሰው አንዴ ዞረው አዩት። ከዚያ ሲስቁ ደረጃውን ይወጡ ጀመር፤ ሳቃቸው ሦስተኛ ፎቅ እስኪደርሱ ይሰማ ነበር።

ባፈና ብርጭቆዎቹን ሰበሰበ። የእማማ ፉላን፣ የሚስቱን፣ የጋሽ ገብረየሱስን፣ የሁለት ባለ ታክሲዎችን። ሁሉንም አንድ ሳፋ ውስጥ ነክሮ በአረፋው መሀል እጁን ሰደደ። አንዱን አውጥቶ በብርሃን አየው፤ ሌላውን አወጣ፤ አምስቱንም ደረደራቸው። የትኛው የእማማ ፉላ እንደነበር ጠፋው። እጁ እየተንጠባጠበ ቆሞ ብርጭቆዎቹን አያቸው፤ በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።